የአክሱምን የወርቅ ንግድ በክፍል ውስጥ በጨዋታ ማስተማር፤ የሞከራችሁ አላችሁ?

ጠመኔ · ሰኞ ማታ 2:15

ሰላም መምህራን። 9ኛ ክፍል ታሪክ አስተምራለሁ፤ እዚሁ ባሕር ዳር። ክፍሉ ውስጥ ወደ 60 ተማሪ ይቀመጣል። አክሱም ላይ ስንደርስ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። «አክሱም የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ቅርፊት ወደ ውጭ ትልክ ነበር» ብለን ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን። እነሱ ይገለብጣሉ። ፈተና ላይ ይመልሱታል። ከፈተናው በኋላ ጠይቋቸው፣ የለም። ዝሆኑን ማን ገደለው፣ ጥርሱን ማን ተሸከመው፣ ዋጋውን ማን ቆረጠው ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አይመጣም። ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ሰው የለበትማ።

ዘንድሮ ሰው ላስገባበት ብዬ አንድ ጨዋታ አዘጋጀሁ። መነሻዬ ኮስማስ ነው። የእስክንድርያ ነጋዴ ነበር፤ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአክሱም ወደብ እስከሆነችው አዱሊስ ድረስ መጥቷል፣ ያየውንና የሰማውን በግሪክ ቋንቋ ጽፏል። ስለ ወርቅ ንግዱ የሚለው እንዲህ ነው። የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ በአገው ገዥ በኩል ሰዎቹን ሳሱ ወደሚባል የወርቅ አገር ይልካል። ሌሎች ነጋዴዎችም አብረው ይሄዳሉ፤ ከ500 በላይ ይሆናሉ። በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ነው የሚሄዱት። እዚያ ሲደርሱ ሰፈራቸውን በእሾህ ያጥራሉ። በሬውን አርደው ሥጋውን እሾሁ ላይ ይዘረጉታል፤ ጨውና ብረቱንም እዚያው ያስቀምጣሉ። የአገሩ ሰዎች ይመጡና እንደ አተር ፍሬ ያለ ወርቅ ከወደዱት ዕቃ ላይ አስቀምጠው ዞር ይላሉ። ነጋዴው ዋጋው ከተስማማው ወርቁን ያነሳል፣ ባለወርቁም ዕቃውን ይወስዳል። ካልተስማማው ወርቁን ሳይነካ ይተወዋል። ያኔ ባለወርቁ ወይ ይጨምራል፣ ወይ ወርቁን አንስቶ ይሄዳል። ቋንቋቸው ስለሚለያይና አስተርጓሚ እንደ ልብ ስለማይገኝ ነው እንዲህ የሚያደርጉት ይላል።

ይሄንን ሳነብ ክፍሌ ውስጥ ሲሆን ታየኝ። ወለሉ ላይ በጠመኔ አሰመርኩ፤ እሾሁ ያ ነው። ሥጋው ቀይ ወረቀት፣ ብረቱ ምስማር፣ ጨው የለስላሳ ቆርኪ፣ ወርቁ ጥሬ አተር። አንድ ለአምስት የተደራጁበትን ቡድን ሳልበትን ግማሹን ነጋዴ፣ ግማሹን ባለወርቅ አደረግሁ። መናገር ክልክል ነው፤ የተናገረ ቡድን አንድ አተር ወይም አንድ ዕቃ ይቀጣል። ለእያንዳንዱ ወገን ሌላው የማያየው ብጣሽ ወረቀት ሰጠሁ። የነጋዴዎቹ «ሥጋው ከሦስተኛው ዙር በኋላ ይበላሻል፤ በአምስተኛው ዙር ትነሳላችሁ፤ ክረምት ከቀደማችሁ ወንዝ አያሻግራችሁም» ይላል። የባለወርቆቹ «አገራችሁ ውስጥ ጨው የለም፤ ብረት ግን ትንሽ አላችሁ» ይላል። ሥጋው የሚበላሽበት ዙርና የባለወርቆቹ ወረቀት የኔ ፈጠራ ነው፣ ለተማሪዎቹም ከጨዋታው በኋላ ነግሬያቸዋለሁ።

አንዷ ተማሪ ሁለት አተር ቆርኪ ላይ አስቀምጣ ዞር አለች። ነጋዴው መጣ፣ አጎንብሶ አየ፣ ሳይነካ ተመለሰ። ትጨምራለች ብለን ስንጠብቅ መጥታ አንዱን አተር አነሳችና ኪሷ ከተተችው። ክፍሉ ሳቁን አፍኖ ሊፈነዳ ደረሰ። ነጋዴው ሲመለስ አንድ ብቻ አገኘ። ቆሞ አሰበ፣ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ አየ፣ ከዚያ ወሰዳት። ያንን ያዩ ባለወርቆች ሁሉ ከዚያ በኋላ በሁለት መጀመር ተዉ። አንድም ቃል ሳይነገር የጨው ዋጋ ወረደ! ዋጋ ከየት እንደሚመጣ በጠመኔ ጽፌ እንደዚህ ላስረዳቸው አልችልም ነበር።

ጥያቄዬ፦ እናንተ ምን ሞከራችሁ? በተለይ ከጨዋታው በኋላ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ እንደሚገባኝ ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው። ጨዋታው ጥያቄ ያስወልዳቸዋል። ከዚያ ወደ ጽሑፉ ተመልሰው «እኛ ያደረግነው የትኛው እዚህ አለ? የትኛው የለም?» ማለት አለባቸው። ያ ካልተደረገ አተር ማንቀሳቀስ ብቻ ነው።


የድሮ መምህር · ሰኞ ማታ 3:02

እንደምን አመሻችሁ። ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ፣ ሽምብጥ ነው የምኖረው። ልጄ፣ ትጋትሽን አደንቃለሁ። ግን ሁለት ነገር ልበልሽ።

አንደኛው ጊዜው ነው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ስም ተጠርቶ፣ የቤት ሥራ ታይቶ፣ ወንበር ተነስቶ ስንት ይቀራል? መጽሐፉ ሳያልቅ ሰኔ ይደርሳል። 12ኛ ክፍል ሲደርሱ የሚጠብቃቸው የምርጫ ጥያቄ ያለው ፈተና ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። ልጅ በእጁ የነካውን አይረሳም፤ አንቺም የምትፈልጊው ይሄንኑ ነው። ግን ምኑን ነው የማይረሳው? ኮስማስ ራሱ ከፊሉን አየሁ፣ ከፊሉን ከነጋዴዎች ሰማሁ ነው የሚለው። ሳሱ የት እንደሆነ እንኳ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። አንቺ ደግሞ ሥጋው የሚበላሽበትን ዙር ጨመርሽበት። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጁ ከኮስማስ የመጣውንና ካንቺ የመጣውን አይለይም። «አክሱም ላይ ሥጋ በሦስተኛው ቀን ይበላሽ ነበር» ብሎ ይጽፍልሻል። እኔ ብሆን ጽሑፉን አንብቤላቸው፣ አስረድቼ፣ ጠይቄያቸው እጨርስ ነበር።


ፔዳ · ሰኞ ማታ 3:40

የታሪክ ተማሪ ነኝ፣ ማስተርሴን እየሠራሁ ነው። ጋሼ ያነሱት ነጥብ ትክክል ነው፤ ግን እኔ ጨዋታውን እንድትተይው ሳይሆን አንድ ነገር እንድትጨምሪበት ነው የምመክረው።

የግሪኩን ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስን ጨምሪ። ከኮስማስ ወደ 1,000 ዓመት ቀድሞ፣ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ የሰሜን አፍሪካዋ ከተማ የካርቴጅ ነጋዴዎች በአፍሪካ ምዕራብ ዳርቻ የሚያደርጉትን ጽፏል። ዕቃቸውን ባሕሩ ዳር ይደረድራሉ፣ መርከባቸው ላይ ተመልሰው ጭስ ያጨሳሉ። የአገሩ ሰዎች ጭሱን አይተው ይመጣሉ፣ ወርቅ አስቀምጠው ይርቃሉ። ወርቁ ካነሰ ነጋዴዎቹ መርከባቸው ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፣ እነዚያም እስኪስማሙ ይጨምራሉ። አንዱ ሌላውን አያታልልም ይላል።

አየሽው? ያው ታሪክ ነው። ቦታው ሌላ፣ ዘመኑ ሌላ። አሁን ተማሪዎችሽን ጠይቂያቸው፦ ሁለት ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ተመሳሳይ የንግድ ዘዴ አግኝተው ነው? ወይስ ስለ ሩቅ የወርቅ አገር ሲወራ ሁሌ እንዲህ ተብሎ የሚነገር ወሬ አለ? ኮስማስስ የቀድሞዎቹን አንብቦ ይሆን? ጨዋታውን የተጫወተ ልጅ እዚህ ላይ የሚለው ነገር ይኖረዋል፤ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን በእጁ አይቶታልና። ያልተጫወተው ግን «ሁለቱም ጽፈዋል» ብሎ ያልፋል።

ሌላው ደግሞ ሁለቱም ጽሑፎች ላይ የሚያወራው ከነጋዴው ወገን ያለ ሰው ነው። ባለወርቁ አንድ ቃል አይናገርም። ይሄ በጨዋታው ሕግ ዝም ከማለት የተለየ ዝምታ ነው፣ ተማሪዎቹም ሊያዩት ይገባል።


ጠመኔ · ሰኞ ማታ 4:10

@የድሮ መምህር፣ ጋሼ ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። የጊዜው ነገር እውነት ነው። እኔ ሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ ነው የያዝኩለት፤ አንዱ ለጨዋታው፣ ሌላው ለንባቡ። ሌላ ምዕራፍ ላይ አጥብቤ ነው ያገኘሁት። ሁሉንም ርዕስ በጨዋታ ማስተማር አይቻልም፣ አያስፈልግምም። በዓመት ሁለት ቦታ ከተደረገ ይበቃል ባይ ነኝ።

ሁለተኛው ነጥብዎ ላይ ግን እንለያያለን። እርስዎ የሰጉት ልጁ የኔን ፈጠራ ከምንጩ ጋር እንዳያደባልቅ ነው። እኔ ደግሞ እሱኑ የፈተና ጥያቄ አደረግሁት። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ጽሑፉን በአማርኛ ግማሽ ገጽ አድርጌ አባዝቼ ሰጠኋቸው። «በጨዋታው ውስጥ ከነበሩት ሕጎች ኮስማስ ያልጻፈውን ለይ» አልኳቸው። አብዛኞቹ የሥጋውን አገኙት። አንዱ ልጅ ከዚያ አልፎ «የንጉሡ ሰዎችና ተራ ነጋዴዎቹ እኩል ነው የሚገበያዩት? ጨዋታው ላይ እኩል ነበርን፣ ጽሑፉ ግን አይልም» ብሎ ጻፈ። ይሄን ልጅ በዓመቱ ውስጥ እጁን ሲያወጣ አይቼው አላውቅም።

@ፔዳ፣ ሄሮዶቱስን እጨምረዋለሁ። ጥሩ አድርገሽ ነው ያሳየሽኝ።


ፎገራ ሩዝ · ማክሰኞ ጠዋት 12:50

እኔ ያለሁት ፎገራ ነው፣ ክፍሌ ውስጥ ከ70 በላይ ናቸው። ዴስኩ ስለማይነሳ ወለል ላይ መስመር ማስመር አይታሰብም። እናንተ ከተማ ያላችሁት ይሄንን አታስቡትም። ምን ላድርግ?


ጠመኔ · ማክሰኞ ጠዋት 1:20

@ፎገራ ሩዝ ወንድሜ፣ ውጭ አውጣቸው። ዛፍ ጥላ ሥር ወይም ሜዳው ላይ። ለባንዲራ ማውለብለቢያው ቅርብ ከሆነ ግን ሌላው ክፍል ይረበሻል፣ ራቅ በል። ሁሉም እንዲጫወት አታድርግ። ከ70ው 30ው ይጫወቱ። 20ው ጸሐፊ ይሁኑ፤ 10ሩ ከነጋዴዎቹ ኋላ፣ 10ሩ ከባለወርቆቹ ኋላ ቆመው ያዩትን ይጻፉ። የቀሩት ጨዋታውን ጨርሶ አይዩ፤ ፊታቸውን አዙረው ይቀመጡና በኋላ ከጸሐፊዎቹ ሰምተው ይጻፉ። መጨረሻ ላይ ሦስቱን ጽሑፍ ጎን ለጎን አንብብላቸው። ከነጋዴው ኋላ የቆመው «ወርቅ ነሱን» ይላል፣ ከባለወርቁ ኋላ የቆመው «አታለሉን» ይላል፣ የሰማው ደግሞ ያልነበረ ነገር ይጨምራል። የታሪክ ምንጭ ምንድን ነው ስትላቸው ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግህም። ብዛቱ እንዲያውም ይጠቅምሃል።

ወርቁን በሩዝ አታድርገው፣ ይበተናል። አተር ወይም ባቄላ ይሻላል።


ጂኦግራፊ ነኝ · ማክሰኞ ጠዋት 1:45

የታሪክ ሰው አይደለሁም፣ ግን የኮስማስን ጽሑፍ ትንሽ ወረድ ብላችሁ አንብቡት። ነጋዴዎቹ ሲሄዱ በከብቶቹ ምክንያት ቀስ ይላሉ፣ ሲመለሱ ግን ክረምት እንዳይዛቸው ይፈጥናሉ። ደርሶ መልሱ 6 ወር ይፈጃል። ዝናቡ በግብፆች አቆጣጠር ከኤጲፊ እስከ ቶት ነው ይላል። ኤጲፊ የኛ ሐምሌ ነው፣ ቶት የኛ መስከረም። ወራቱ የሚገቡት በእኩል ቀን ነው። ለግሪክ አንባቢዎቹ «እናንተ በጋ ሲሆንላችሁ እነሱ ክረምት ነው» ብሎ ማስረዳት ነበረበት። የኛ ልጅ ማስረጃ አያስፈልገውም። ሐምሌ ላይ ገጠር ዘመድ ጋ የሄደ ሁሉ የሞላ ወንዝ ዳር ቆሞ መጠበቅን ያውቃል። ስለዚህ «በአምስተኛው ዙር ትነሳላችሁ» የሚለው ሕግሽ ትክክለኛ ቦታ ላይ ነው ያረፈው።

ከዚህ ተነስቼ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። የጥንቷን ግብፅ ስታስተምሩ የዓባይ ሙሌት ጨዋታ አድርጉ። ፕሊኒ የሚባለው ሮማዊ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው ቁጥር አለ። ውሃው ግብፅ ላይ 12 ክንድ ከሆነ ረሃብ ነው፣ 13 ከሆነ አሁንም ችግር ነው፣ 14 ደስታ፣ 15 መተማመን፣ 16 ፍስሐ። ከዚያ ካለፈ ውሃው ከማሳው ቶሎ ስለማይሸሽ የመዝሪያ ጊዜው ይዛባል። ለጨዋታ የተሠራ ነው የሚመስለው!

ቡድኖቹ የግብፅ ገበሬ ይሁኑ። ለእያንዳንዱ 20 ፍሬ ባቄላ ስጡ። የሙሌቱ ካርድ ከመሳቡ በፊት ስንቱ ለዘር፣ ስንቱ ለጎተራ እንደሚሆን ይወስኑ። ከዚያ ካርዱ ይሳባል። 16 ከወጣ የተዘራው ሦስት እጥፍ ይመለስ፣ 12 ከወጣ ዘሩ ይጥፋ፣ ሌላውን እናንተ መጥኑት። አንድ ተማሪ ግብር ሰብሳቢ ይሁን። የግብፅ ገዥዎች የውሃውን ከፍታ የሚለኩበት በድንጋይ የተሠራ ደረጃ ነበራቸው፤ ኤሌፋንቲን ደሴት ላይ ያለው እስከ ዛሬ አለ። የዓመቱን ምርትና ግብር የሚገምቱት በዚያ ነበር። ግብር ሰብሳቢው ካርዱን ከገበሬዎቹ ቀድሞ ይየው። ልጆቹ ቁጥሩን ቀድሞ ማወቅ ምን ያህል ሥልጣን እንደሆነ በሁለት ዙር ውስጥ ይገባቸዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ተማሪዎቻችን «ግብፅን የሚያጠጣው ጣና ነው» ብለው ነው የሚያድጉት። ከጣና የሚወጣው ውሃ ዓባይ ሱዳን ድንበር ሲደርስ ከሚይዘው አንድ አሥረኛው እንኳ አይሞላም። ብዙው የሚገባው ከታች ነው፤ በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ዴዴሳ፣ ዳቡስ፣ በለስ። ካርዱ ሲሳብ ይሄንን አስታውሷቸው። ሙሌቱን የሚያመጣው የደጋው ክረምት ሁሉ ነው።


የሁለት ልጆች እናት · ማክሰኞ ቀን 7:30

መምህር አይደለሁም፣ ወላጅ ነኝ። ዝም ብዬ እያነበብኩ ነበር፣ ግን አንድ ነገር ካልተናገርኩ አይሆንልኝም።

ልጄ በሚማርበት ትምህርት ቤት የግሪክን ዲሞክራሲ ሲያስተምሩ የአቴናን «ከከተማ ማባረር» አጫወቷቸው። ሁሉም በብጣሽ ወረቀት ላይ የሚባረረውን ሰው ስም ይጽፋል፣ ብዙ ድምፅ ያገኘ ከክፍል ይወጣል። ልጄ ዝምተኛ ነው። የሱ ስም ነው የወጣው። ማታ ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር፣ ግን እራቱን አልበላም። መምህሩ ክፉ አስቦ አይደለም። ልጆቹ ግን በጨዋታ ስም የልባቸውን አደረጉ። እባካችሁ ስትጫወቱ ማን ምን ሆኖ እንደሚወጣ አስቡ።


ጠመኔ · ማክሰኞ ማታ 1:05

@የሁለት ልጆች እናት፣ እህቴ እንኳን ጻፍሽው። ልጅሽን አይዞህ በይልኝ።

ይሄ መጀመሪያ መነሳት የነበረበት ነገር ነው። የኔ ሕግ ይሄ ነው፦ ተማሪ በራሱ ስም አይፈረድበትም። የሚመረጠው፣ የሚወቀሰው፣ የሚሸነፈው የወረቀቱ ገጸ ባሕርይ ወይም ቡድን ነው። ባርነትን፣ ጭፍጨፋንና ምርኮን በፍጹም አላጫውትም። እነዚህን ቁጭ ብሎ ማንበብ፣ መነጋገር ነው። ተማሪውን ባሪያ አድርጎ ማቆም የባርነትን ስቃይ አያስተምርም፣ ልጁን ግን ያዋርደዋል። ሌላው ደግሞ የትኛውም ተማሪ በቤተሰቡ ብሔር ወይም ሃይማኖት ምክንያት ቦታ አይሰጠው። በኮስማስ ጨዋታ የአገው ገዥ አለ። እኛ ጋ የአገው ልጆች አሉ። «አንተ አገው ነህ፣ አንተ ሁን» አይባልም። ዕጣ ነው የማወጣው።


ፔዳ · ማክሰኞ ማታ 1:50

ለአቴና የተሻለ ጨዋታ አለ። ስለማባረሩ በንባብ ብቻ አስተምሩ፤ ቢያንስ 6,000 ድምፅ ያስፈልግ ነበር፣ የተባረረው ሰው ለ10 ዓመት ይርቃል እንጂ ንብረቱ አይወረስበትም፣ ይሄ ይበቃል።

መጫወት ከፈለጋችሁ የላውሪዮንን ብር አጫውቱ። በ483 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት አቴናውያን ላውሪዮን በሚባለው ማዕድናቸው ብዙ ብር አገኙ። ለእያንዳንዱ ዜጋ 10 ድራክማ ይታደል የሚል ሐሳብ ቀረበ። ቴሚስቶክለስ የሚባለው መሪያቸው ደግሞ አይሆንም፣ የጦር መርከብ እንሥራበት አለ። እሱ አሸነፈ። በ480 ፋርሶች ሲመጡ ሳላሚስ ላይ ያዳኗቸው እነዚያ መርከቦች ናቸው።

ለተማሪዎቹ የ480ውን አትንገሯቸው። ለግማሾቹ «ድሃ ቀዛፊ ነህ»፣ ለግማሾቹ «መሬት ያለህ ገበሬ ነህ» ብላችሁ ወረቀት ስጡ። ሴቶች፣ ባሪያዎችና መጤ ነዋሪዎች ድምፅ እንደሌላቸው ግን ተናገሩ። ለዚህ አምስት ስድስት ተማሪ የታዛቢ ወረቀት ስጡና በመጨረሻ «እናንተ ምን ትሉ ነበር?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ነው ሄሮዶቱስ የሚነበበው። ብዙ ክፍል 10 ድራክማውን ይመርጣል ብዬ እገምታለሁ። እሱ ስህተት አይደለም፤ ነገ የሚመጣውን የማያውቅ ሰው ውሳኔ ነው። እኛ መጨረሻውን ስለምናውቅ ብቻ የጥንት ሰው ሞኝ ይመስለናል።

በነገራችን ላይ ይሄ መንገድ በዩኒቨርሲቲ ደረጃም ይሠራበታል። ኒው ዮርክ ባርናርድ ኮሌጅ ውስጥ ፕሮፌሰር ማርክ ካርንስ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀመሩት ነው። ተማሪዎቹ ሚና ይዘው፣ የዘመኑን ጽሑፍ አንብበው፣ ለሳምንታት ይከራከራሉ። እኛ ያን ያህል ጊዜ የለንም፣ ግን ጽሑፉን መያዝ የሚለውን መውሰድ እንችላለን።


ዘጌ · ማክሰኞ ማታ 2:30

እኔ አንደኛ ደረጃ ነው የማስተምረው፣ ለትንንሾቹ ዝም ብሎ መገበያየት ይከብዳል። ግብፅ ላይ ስንደርስ ግን ከሐይቁ ደንገል አስመጣለሁ። ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች እንደ ልብ ይሰጣሉ። አረንጓዴው ልጣጭ ይላጣል፣ ነጩ ውስጡ በስስ ይሰነጠቃል፣ አንዱ በቁም ሌላው በአግድም ይደረደራል፣ በድንጋይ ተጭኖ ይደርቃል። ግብፆች የሚጽፉበት ፓፒረስ ይሄው ደንገል ነው። ሲደርቅ ስማቸውን ይጽፉበታል። መጀመሪያ አካባቢ ይሻግታል፣ ውሃውን በጨርቅ ደጋግማችሁ ምጠጡት፣ ፀሐይ ላይ አታድርጉት።

ከዚያ ጨዋታ እንጫወታለን፦ አንድ ወረቀት ብቻ ነው ያለህ፣ ምን ትጽፍበታለህ? ግብር፣ ጸሎት ወይስ ደብዳቤ? ልጆቹ የሚጣሉበት ጥያቄ ነው።


ሽምብጥ 2 · ማክሰኞ ማታ 2:55

የማርኩ ነገርስ? ክፍል ኃላፊያችን ማርክ የሌለው ነገር ዕቅድ ውስጥ አይገባም ይላል።


ጠመኔ · ማክሰኞ ማታ 3:15

@ሽምብጥ 2፣ ለአሸናፊ ማርክ እንዳትሰጥ። ከሰጠህ ጨዋታው ያበቃል፣ አተር መስረቅ ይጀምራሉ። ተከታታይ ምዘና ውስጥ የምታስገባው የሁለተኛውን ቀን ጽሑፍ ነው። 10 ማርክ በቂ ነው። «ጨዋታው ከምንጩ ጋር የሚስማማበትን አንድ፣ የማይስማማበትን አንድ፣ ምንጩ ያልመለሰልህን አንድ ጥያቄ ጻፍ።» ሦስተኛውን በደንብ አንብበው። ጥሩ ተማሪ የሚታየው እዚያ ነው።

@ዘጌ፣ የደንገሉን እወስዳለሁ። ለ9ኛ ክፍልም ይሆናል።


የድሮ መምህር · ረቡዕ ጠዋት 2:10

ልጆቼ፣ ሌሊቱን አሰብኩበት። የጊዜው ነገር አሁንም አይዋጥልኝም። በየክፍሉ 60 እና 70 ተማሪ ተደርድሮ፣ መጽሐፍ ለሁለት እየታየ፣ ሁለት ክፍለ ጊዜ ለአንድ አንቀጽ መስጠት ከባድ ነው። ይሄንን የምለው ለጀማሪ መምህራን ነው። እናንተን አይቶ የሚጀምር ሰው ሁለተኛውን ቀን ይዘለዋል፤ ጨዋታው ደስ ይላልና፣ ንባቡ ያደክማልና።

ያንን ፈጠራና ምንጭ የሚለዩበትን ጥያቄ ግን ወድጄዋለሁ። እኔ ሳስተምር እንደዚያ ጠይቄ አላውቅም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። አዱሊስን አትርሺ። ከኮስማስ በፊት በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ አንድ ስሙ ያልታወቀ ነጋዴ የቀይ ባሕርን ወደቦች እየዘረዘረ ጽፏል። ከአዱሊስ ወደ ውስጥ ቆሎኤ የምትባል ከተማ የ3 ቀን መንገድ ናት፣ ከዚያ አክሱም ሌላ 5 ቀን ይላል። የሚገባውን ዕቃ ሁሉ ይቆጥራል፦ ከግብፅ ጨርቅ፣ ብርጭቆ፣ እንደ ገንዘብ ተቆርጦ የሚያገለግል ናስ፣ ለጦር የሚሆን ብረት፣ ጥቂት የወይን ጠጅ። ገዥው ዞስካለስ ለንብረቱ ስስታም እንደሆነና የግሪክ ጽሕፈት እንደሚያውቅ ሁሉ ጽፏል። ግቢው ውስጥ ገመድ ዘርግተሽ ሦስቱን ከተሞች ብታስቀምጪ፣ ልጆቹ ዕቃ ተሸክመው 8 ቀኑን በ8 ምልክት ቢሄዱ፣ በየምልክቱ ለመሸከሚያና ለቀረጥ አንድ አንድ አተር ቢከፍሉ፣ የዝሆን ጥርሱ አዱሊስ ሲደርስ ለምን እንደሚወደድ ራሳቸው ይነግሩሻል። ቀረጡ የኔ ፈጠራ ነው፤ እሱንም ይለዩት።


ድሮ ተማሪ · ረቡዕ ቀን 6:40

ጋሼ፣ እርስዎ ያስተማሩኝ ይመስለኛል። እርግጠኛ ባልሆንም አነጋገርዎ እሱን ነው። ከሆኑ ደብተሬ አሁንም አለ።


ጠመኔ · ረቡዕ ማታ 1:30

ጋሼ፣ የገመዱን ነገር እሠራዋለሁ። የዝሆን ጥርሱን ዋጋ ከምንጭ አላገኘሁትም፣ ስለዚህ ዋጋ ሳልጽፍ ልጆቹ እንዲተምኑ አደርጋለሁ።

ሁለተኛውን ቀን ለሚዘሉ ያሉት ልክ ነው። እኔ የማደርገው ይሄ ነው፦ ጨዋታውን በመጀመሪያው ቀን ሳይጨርስ አቆመዋለሁ። አራተኛው ዙር ላይ ደወል ይደወላል፣ ማን አተረፈ የሚለው ሳይቆጠር ይወጣሉ። በሁለተኛው ቀን መጀመሪያ ጽሑፉ ይነበባል፣ አምስተኛው ዙር ከዚያ በኋላ ይካሄዳል። ንባቡን ዘልሎ የሚሄድ መንገድ የለም። ደግሞም ካነበቡ በኋላ አምስተኛውን ዙር ሲጫወቱ አያያዛቸው ይለወጣል፤ ነጋዴዎቹ ክረምቱን እያሰቡ ይቸኩላሉ፣ ባለወርቆቹም መቸኮላቸውን አይተው ይቆያሉ።

የኮስማስን ግማሽ ገጽ አማርኛና የብጣሽ ወረቀቶቹን ጽሑፍ ማታ ፎቶ አንስቼ እዚሁ እለጥፋለሁ። ፔዳ የሄሮዶቱስን ብትልኪልኝ አንድ ላይ አደርጋቸዋለሁ። @ፎገራ ሩዝ፣ አንተ ደግሞ ሞክረህ ሦስቱ ጸሐፊዎች ምን እንደጻፉ ንገረን።